አንዴ ከወጣ የማይወርደው ሰው

ሠራተኛው ሁሉ «አሞራው» ይለው ነበር። ጠዋት የክሬኑን መሰላል ይዞ ሽቅብ ከወጣ፣ ሰው ሥራ ጨርሶ እጁን ሲታጠብ ነው መሬት የሚረግጠው። በመሃል ምሳ የለ፣ እረፍት የለ፣ ሽንት ቤት የለ። ፎርማኑ ከሽንት ቤት ዘግይቶ የተመለሰ ሠራተኛ ባገኘ ቁጥር ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስርና «እሳቸውን እይ! እሳቸው ፊኛ የላቸውም?» ብሎ ያምባርቅበታል። አሞራውም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ምን ይደረግ፣ ሙገሳ የማይጥመው ማን አለ! ፊኛ የለውም ተብሎ የሚኮራ ሰው ግን ልጁ ከእሱ በቀር አይታም ሰምታም አታውቅም።

ልጁ እዚያው ሳይት ላይ ምልክት ሰጪ ናት። የክሬኑ ካቢን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጭነቱ ወዴት እንደሚያርፍ አጥርቶ ስለማያይ፣ ከስር አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ «ግራ፣ ቀኝ፣ ዝቅ፣ ቁም» እያለ ይመራዋል። ፎርማኑ ለዚህ ሥራ ያወጣው ደንብ ቀልድ አያውቅም። በሬዲዮ ስም አይጠራም፣ ዝምድና አይጠራም፣ ወሬ አይወራም። ክሬኑ ላይ ያለው «ላይ» ነው፣ ምልክት ሰጪዋ «ታች» ናት። ታች ታዛለች፣ ላይ የታዘዘውን ቃል በቃል ይደግማል፣ ጭነቱ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ታች ካላለች ላይ ንቅንቅ አይልም። ቤት ውስጥ «አባዬ» የምትለውን ሰው ቀኑን ሙሉ «ላይ፣ ድገም» ስትለው ትውላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሳቋ እየመጣ ተቸግራ ነበር።

አሁን ግን ሳቁ ከጠፋ ሰንብቷል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ነው፤ የአባቷን ምሳ የምትቋጥረው እሷ ናት። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ምስር፣ አንዳንዴም ሙዝ። ማታ ስትቀበለው ምሳ ዕቃው እንደ ጠዋቱ ይከብዳል። የውሃው ጠርሙስ ክዳኑ እንኳ አልተፈታም። ልብሱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ደግሞ የከረሜላ ወረቀት ይዘረገፋል።

«አባዬ፣ ዛሬም አልበላህም?»

«በልቻለሁ እኮ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የተረፈኝ ነዋ!»

«ሳይነካ የሚተርፍ ምግብ ገና ዛሬ አየሁ።»

«አንቺ ደግሞ እናትሽን ተክተሽ አረፍሽው» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ይተኛል ማለት እንኳ ለወጉ ነው፤ አልጋው ሲንቋቋ ነው የሚያድረው።

ቆይቶ ነገሩ ከምሳ ዕቃ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፌሮ ብረት እስር አንጠልጥሎ ሳለ «ግራ፣ ድገም» አለችው። «ግራ» ብሎ አሳምሮ ደገመ፤ ብረቱ ግን ወደ ቀኝ ሄደ። ጥቂት ነው፣ ክንድ ቢሆን ነው፣ ወዲያውም አረመው። ከእሷ በቀር ያየ አልነበረም። እሷ ግን ክው ብላ ቀረች። ከስሩ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርስ? ያን ቀን ለፎርማኑ መንገር ነበረባት፣ አልነገረችም። የገዛ አባቷን እንጀራ መዝጋት ከበዳት።

በዕረፍት ቀኑ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ረጋ ያለች ጎልማሳ ሴት ናት። ለካችው፣ ደሙን አየች፣ አንድ በአንድ ጠየቀችው፣ በሽታ ግን አላገኘችበትም።

«ሰውነትዎ ደርቋል» አለችው። «ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ በአፍዎ አይዞርም። በባዶ ሆድዎ ከረሜላ ይበላሉ፤ ጉልበቱ ብልጭ ይልና መልሶ ድርግም ይላል፣ ያኔ ያዞርዎታል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ፣ ሌሊት ደግሞ አይተኙም። ቁርስ ይብሉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ በጊዜ ይተኙ።»

«መድኃኒቱስ?» አላት።

«ነገርኩዎት እኮ።»

መንገድ ላይ ሲደርሱ ሳቁን ለቀቀው። «ይህን ለመስማት ነው ግማሽ ቀን የተሰለፍነው? ቁርስ ብላ! ውሃ ጠጣ! ይሄንንማ ጎረቤትም በነፃ ይነግረኛል!»

ልጁ አልሳቀችም። «አባዬ፣ ስማኝ። ከእንግዲህ አንዴ ብትሳሳት ለፎርማኑ እነግረዋለሁ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ከነገርሽው ያባርረኛል።»

«ካልነገርኩት ሰው ይሞታል።»

 ቤት ሊደርሱ ሲሉ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «እሺ፣ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ በቃ» አለ። ቃሉን ሰጣት። እሷም አመነችው፤ ማመን ስለፈለገች አመነችው።

የሶሌታው፣ የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ ሙሌት ቀን ደረሰ። ሶሌታ ሲሞላ እንደ ሌላው ቀን ሥራ አቁሞ ማረፍ የለም። ኮንክሪት አንዴ ከተቦካ ሰው አይጠብቅም፤ የጫኑት መኪናዎች በር ላይ ተሰልፈው ሆዳቸውን እያዞሩ ይቆማሉ፤ ፎርማኑም ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። ትልቁ ባልዲ መሬት ላይ ይሞላል፣ ክሬኑ አንስቶ ላይኛው ፎቅ ያደርሰዋል፣ ቦት ጫማ ያጠለቁት ሠራተኞች ከስሩ ቆመው አፉን ከፍተው ያፈሱታል። እሷም የምትቆመው እነሱ አጠገብ ነው። ባልዲው ሲሞላ የሚመዝነውን ስለምታውቅ በላይዋ ሲያልፍ ሁልጊዜ አንገቷን ትሰብራለች።

ጠዋት መሰላሉ ስር ምሳ ዕቃውንና የውሃውን ጠርሙስ ሰጠችው። ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ቆየ፤ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ክር ያስራል። ከዚያ ወጣ። መሰላሉ መሃል ላይ ቆም ብሎ ሩቅ ተመለከተ። ለምን እንደሚቆም ሲጠይቁት «ከተማውን እያየሁ ነው» ይላል። ስንት ዘመን ሲያየው የኖረውን ከተማ ዛሬም አየው።

እስከ ረፋዱ ድረስ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን የካቢኑ መስታወት ማብለጭለጭ ጀመረ፣ መልሱም ይዘገይ ጀመር።

«ዝቅ። ድገም።»

ዝምታ።

«ዝቅ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ድምፅ ነው።

ባልዲው ወረደ፣ ተፈሰሰ፣ ተመለሰ። ሠራተኞቹ አላስተዋሉም። ቀልደኛው የተባለው ሠራተኛ አካፋውን እያወዛወዘ ስለ አማቱ እያወራ ያስቃቸዋል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ቀጣዩን ባልዲ ጠበቀች። ሙቀቱ ነው፣ ሬዲዮው ነው እያለች ራሷን ልታታልል ሞከረች። አልተታለለችም። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭና «ላይ፣ ውሃ ጠጣ። ድገም» አለች።

ከላይ መልስ አልመጣም። የመጣው ከመሬት ነው፣ የፎርማኑ ድምፅ። «ታች! በሬዲዮ ወሬ የለም ብያለሁ! መኪናው ቆሟል!»

አፍራ ዝም አለች። ለዚያች ዝምታዋ በኋላ ብዙ ቀን ራሷን ወቅሳለች። ሙሉው ባልዲ ከመሬት ተነስቶ የሕንጻውን ጫፍ አለፈና ወደ ሠራተኞቹ መጣ።

«ቁም። ድገም።»

ባልዲው መምጣቱን ቀጠለ።

«ላይ፣ ቁም! ድገም!»

ቀልደኛው ቀና አለ። ወሬው አፉ ላይ ቀረ። እሷ ሬዲዮውን ትታ በባዶ ጉሮሮዋ «ከስሩ ውጡ!» ብላ ጮኸች። ሠራተኞቹ አካፋቸውን እየጣሉ፣ እርጥቡ ኮንክሪት ውስጥ እየሰመጡ፣ እየተገፋፉ ወደ ዳር ተበተኑ። ባልዲው እነሱ በነበሩበት ላይ አለፈ፣ ድንገት ቀጥ አለ፣ ከዚያም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። ከላይ ያለው ሰው መቆጣጠሪያውን ለቆታል ማለት ነው። 

«ላይ» አለች። «ላይ፣ ትሰማለህ?»

ቀና ብላ ካቢኑን አየች።

«ላይ!»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ታች…» አለ ድምፁ። «አላይም። ጨለመብኝ።»

ይህን ቃል በሳይቱ ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ሰማው። ቀልደኛው ቦት ጫማውን ኮንክሪቱ ውስጥ ጥሎ በባዶ እግሩ ቆሟል፣ አሁን የሚስቅለት የለም። እሷ ከምንም በላይ የፈራችው አንድ ነገር ነው፤ አባቷ እንዳፈረ ታውቃለች፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ለመሸፈን ሲል በጭፍኑ መቆጣጠሪያውን ሊነካ ይችላል።

«እጅህን ከመቆጣጠሪያው አንሳ። ድገም።»

«እጄን… አነሳሁ።»

«ቦርሳህ ውስጥ ውሃ አለ። ክፈተው። ድገም።»

የባልዲው ሰንሰለት ሲጢጥ ይላል። ደንቡም፣ ፎርማኑም፣ የሚሰማው ሰው ሁሉም ከአእምሮዋ ጠፉ።

«አባዬ!» አለች። «አባዬ በሞቴ፣ ጠጣ። ድገም።»

ረጅም ጊዜ የሆነ መሰላት። ከዚያ የክዳኑ ጠቅታ፣ ቀጥሎም ሰው ሲጎነጭ የሚሰማው ድምፅ በሬዲዮው መጣ። ካቢኑ ውስጥ እጁ የመነጋገሪያውን ቁልፍ እንደተጫነ ቀርቷል፤ ሲውጥ፣ ሲተነፍስ፣ ሲያስለው ሁሉም ሰማ። «ጠጣሁ» አለ።

«ዳቦም አለ። ቀስ ብለህ ብላ። ድገም።»

«ዳቦ… እበላለሁ።»

ፎርማኑ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ ደረሰ። ላብ አጥምቆታል። ሽቅብ አየ፣ ወደ ባልዲው አየ፣ ወደ ተሰለፉት መኪናዎች አየ። ጥቂት ከቆየ በኋላ ከላይ «አሁን እያየሁ ነው» የሚል ድምፅ ሲመጣ ፊቱ ፈታ አለ።

«በቃ፣ ደህና ናቸው። ቀጥይ» አላት። «ኮንክሪቱ እየደረቀብኝ ነው።»

«አይቀጥልም።»

«ምን አልሽ?»

«ባልዲውን ባዶ መሬት ላይ አስቀምጦ ይወርዳል።»

«ይሄን የምወስነው እኔ ነኝ!» ብሎ እጁን ወደ ሬዲዮዋ ዘረጋ። እሷ ሬዲዮውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። 

«ታች ካላለች ላይ ንቅንቅ አይልም። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

 በኮንክሪት የተለወሱት ሠራተኞች ሁሉ ፎርማኑን ነው የሚያዩት። ከእነሱ መሃል ተመልሶ ባልዲው ስር ሊቆም የተዘጋጀ አንድም አልነበረም። እጁን አወረደ።

ባልዲውን ስንዝር በስንዝር አወረዱት። «ግራ።» «ግራ።» «ቁም።» «ቁም።» «ዝቅ።» «ዝቅ።» እያንዳንዱን ቃል እስኪደግም ትንፋሿን ትይዛለች። መሬት ሲነካ ከስር ያሉት ሠራተኞች መንጠቆውን ፈቱት። ያኔ «ውረድ። ድገም» አለችው።

ዝም አለ።

«ላይ፣ ውረድ። ድገም።»

የካቢኑ በር አልተከፈተም። ኩራቱ ነው ብላ አንጀቷ አረረ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሰው ሊያልቅ ለጥቂት ተርፎ፣ ዛሬም አንዴ ከወጣ የማይወርደው ሰውዬ መባል ያምረዋል! ልትጮህበት ቁልፉን ስትጫን ድምፁ ቀድሟት መጣ።

«ልጄ» አለ። «ከወረድኩ ተመልሼ መውጣት አልችልም።»

ያልገባት መስሎት ደገመላት።

«ጉልበቴ በቀን አንዴ ነው የሚያወጣኝ። እንዲህ ከሆንኩ ቆይቷል። ውሃ ከጠጣሁ ለሽንት መውረድ ሊኖርብኝ ነው፣ ከወረድኩ ደግሞ ቀረሁ። ለዚህ ነው የማልጠጣው። ለዚህ ነው።»

ያ የጫማ ክር፣ ያ ከተማውን እያየሁ ነው የሚለው ነገር፣ ያልተፈታው የጠርሙስ ክዳን፣ ሁሉም ባንዴ ገባት። እሷ እልኸኛ ሰው መስሏት ስትጨቀጭቀው የኖረችው የፈራ ሰው ነበር። እሱም ፍርሃቱን ከልጁ ደብቆ ደብቆ ሳይቱ በሙሉ በሚሰማበት ሬዲዮ ላይ አፈሰሰው። አለቀሰች፣ እየሠራች አለቀሰች።

«ግድ የለም፣ አባዬ። ቀስ ብለህ ውረድ። ድገም።»

«ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።»

ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ሲወርድ አየው። አሞራው በጠራራ ፀሐይ መሬት ሲረግጥ ያዩት ያን ቀን ነው። ማንም አላፌዘበትም፤ ቀልደኛው እንኳ ሰባራ ወንበር ፈልጎ አቀረበለት።

ሌላ ኦፕሬተር ተጠርቶ እስኪመጣ የሶሌታው ግማሽ ተበላሸ። ፎርማኑ የሚለውን ሁሉ አለ፤ አባትና ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲጨርስ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ በቀን ሁለቴ መውጣት የማይችል ሰው ክሬን ላይ አላስቀምጥም። ጠዋት ወጥተው፣ ለምሳ ወርደው፣ በልተው፣ መልሰው ሲወጡ በዓይኔ ካየሁ ቦታው የእርስዎ ነው። እስከዚያ መጋዘን ይጠብቁ። ብዙ ግን አልጠብቅዎትም፤ የአዲሱ ኦፕሬተር እጅም መጥፎ አይደለም።»

መጋዘን የገባ ጊዜ ሰውየው ባንዴ አረጀ። እሷ ግን አልራራችለትም። ጎህ ሲቀድ ትቀሰቅሰዋለች፣ እንቁላሉንና ዳቦውን ፊቱ ታስቀምጣለች፣ ሳያልቅ በሩን አትከፍትም። ታክሲ ቀረ፤ በእግር ሆነ። ሳይቱ ገና ሰው ሳይገባበት ሕንጻውን በደረጃ ይወጣሉ። መጀመሪያ ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ይሄን ሁሉ ፎቅ የከመረው ማነው?» አለ እያለከለከ።

«አንተ ነህ።»

ከረሜላውን መጋዘን ውስጥ ሚስማር ሳጥን ስር ሲደብቅ ያዘችው። ተቆጣ፣ ተኮራረፉ፣ በነጋታው እንደገና ደረጃ ወጡ። አንዳንድ ቀን ትናንት የደረሰበት ፎቅ ያቅተውና ግድግዳውን በጡጫ ይመታል። ቀኑን በእግሩ ሲንከራተት መዋሉ ግን አንድ ነገር አመጣ፤ ማታ አልጋው መንቋቋት ተወ። መጀመሪያ ዝም ሲልባት ደንግጣ ሄዳ ትንፋሹን አዳመጠች። ተኝቷል። ያንኮራፋል።

አንድ ጠዋት ራሱ ወደ ፎርማኑ ሄደና «ዛሬ» አለው።

ወጣ። ሠራ። ለምሳ ወረደ። ሰባራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን እስከ ታቹ ጠርጎ በላ። ከዚያ መሰላሉ ስር ቆመ፣ የጫማውን ክር አልነካም፣ ሁለተኛውን መውጣት ጀመረ። ሠራተኛው ሥራ የያዘ እየመሰለ ሁሉም ሽቅብ ያያል። ፎርማኑ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አባቷ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

ቀኝ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከሩቅ ይታያታል። ሬዲዮው እጇ ላይ ነው። «ውረድ» ልበለው ወይስ «አይዞህ»? ጣቷ ቁልፉ ላይ ሄዶ ቀረ። ይህ መሰላል ምልክት ሰጪ የለውም፤ ጣቷን አነሳች። አባቷ ወደ ከተማው አልተመለከተም። ግንባሩን ብረቱ ላይ ደገፍ አደረገ፣ ተነፈሰ፣ ግራ እግሩን አነሳ፣ ከዚያ ቀኙን። የካቢኑ በር ሲዘጋ ሰማች።

ፎርማኑ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ሥራ!» ብሎ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ ሙሌት ነበር። መኪናዎቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። ባልዲው እየሄደ እየመጣ፣ ቃሉ ወዲያው ወዲያው እየተደገመ፣ ሥራው ጥድፊያ ላይ ሳለ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ታች።»

ሬዲዮውን ወደ አፏ አስጠጋች። «ላይ፣ እሰማለሁ።»

«ውሃዬን ጨርሻለሁ። ሽንቴ መጥቷል፣ ልወርድ ነው። ድገሚ።»

አካፋዎቹ ቆሙ። ቀልደኛው እጁን አፉ ላይ ጫነ። እሷ ወደ ፎርማኑ ዞረች። ፎርማኑ ወደ መኪናዎቹ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሽቅብ አየ።

«ምን ታዪኛለሽ?» አላት። «ደንብ ደንብ ነው፣ ድገሚላቸው እንጂ!»

ቁልፉን ተጫነች። ሳቁም እንባውም ባንዴ ስለመጡባት ቃሉ ቶሎ አልወጣላትም።

«አባዬ ውሃውን ጨርሷል» አለች። «ሊወርድ ነው።»